በአባት ስም ቦታ

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዕዛ፤ ቤይሩት

ይህ የማን እጅ ጽሕፈት ነው ብለሽ ደብዳቤውን እንዳታገላብጪው። የኔ ነው። የአባትሽ የአስመላሽ፣ ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረው እጅ። መስመሩ ዳገት ከወጣብሽ ታገሺው፤ ከባድ ነገር መያዝ የለመደ እጅ ስለሆነ ብዕር ቀለለበት።

"እንደምን ሰንብተሻል፣ እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን" ብዬ አልጀምርም። እሱ የእናትሽ ወንድም፣ የአጎትሽ የኃይለገብርኤል አጀማመር ነው። ቤይሩት ከገባሽ ጀምሮ ስታነቢ የኖርሽው የኔን አፍ ሳይሆን የሱን እጅ ነው። እናትሽ መብርሂት ተናዳ ማማሰያ ወረወረችብኝ ብለህ ጻፍልኝ ስለው፣ "ወላጅ እናትሽም በመልካም ጤንነት ላይ ትገኛለች" ብሎ ይጽፋል። ቀልድ ስነግረው "ይህ ለደብዳቤ አይሆንም" ይላል። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ነው፤ ሰላምታ ሲጽፍም ግልባጩን ለሚመለከተው ክፍል የሚልክ ይመስለዋል።

በቃ፣ ከእሱ ተገላገልኩ። ቂርቆስ ያለውን የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ ስልሽ አንደኛውን ዙር ነው፤ ግን አንደኛ ነኝ። አስተማሪያችን እጸገነት "ጋሽ አስመላሽ ሲያነቡ ከመንገድ ይሰማል" ብላለች። ሙገሳ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ክፍሉ በሙሉ ሴት ነው፤ ወንድ እኔ ብቻ። መጀመሪያ ቀን ስገባ ቄራ ሽንኩርት የምትሸጠው ወይዘሮ አልጋነሽ "ጎሚስታው መጣ፤ የተነፈሰ ሰው አለ እንዴ?" ብላ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰችው። አሁን ፊደል የጠፋባት እንደሆነ የምትጠይቀው እኔን ነው።

ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ከተማው ተለውጦብኛል። ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከጎሚስታ ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ሻይ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ "ደጋጋ ቤት" እያልኩ ስጠጣ ኖሬ፣ ለካስ በሩ ላይ "ንጋት ምግብ ቤት" ተብሎ ተጽፏል። ደጋጋን ጠርቼ አነበብኩለት። አውቃለሁ፣ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ አለኝ። በሚኒባስ ስሄድም አጥሩን ሁሉ አነባለሁ። "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" የሚለውን ጮክ ብዬ ሳነበው አጥሩ ሥር የቆመ ሰው ሳይጨርስ ሄደ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። እናትሽ ወገቧን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው። የላክሽው ሻርፕ ደርሷታል፤ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምታወጣው።

የደብዳቤው ዋና ነገር ግን ይኼ ነው። ካሁን በኋላ ደብዳቤሽን ከኔ በቀር የሚከፍተው የለም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የምትጽፊው እየሳሳ መጥቷል። አጎትሽ ማንበብ ሲጀምር ያልቃል። ፎቶግራፍ ላኪ ስንልሽ "ሰሞኑን" ትያለሽ፤ ሰሞኑን የሚባለው ነገር ዓመት ሆነው። በአጎትሽ ጆሮ ማለፍ ያልፈለገ ነገር ካለሽ አሁን ጻፊው። ሰው የለም። እኔና ጎማዎቹ ብቻ ነን።

አባትሽ፣ በራሱ እጅ

*

ካዛንቺስ፣ ጥር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ማዕዛ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ጎሚስታ ቤት፣ ጎማ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። "ይቅርታ" የሚለውን ቃል ከመደጋገምሽ የተነሳ በመጨረሻ ሳላነበው በመልኩ አወቅሁት። አንድ ጊዜ በበቃ ነበር። እንዲያውም እሱም ትርፍ ነው።

እንግዲህ አያት ነኝ። አያት ከሆንኩም ወራት አልፈውኛል፤ የነገረኝ ሰው አጥቼ ነው እንጂ። መናደዱንስ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽሽም። እጄ ላይ የነበረውን ብሎን ከመጠን በላይ አጥብቄ ቆረጥኩት፤ ባለ መኪናው በምን ጥፋቴ ነው አለኝ። ከዚያ ደግሜ ሳነበው የተናደድኩት በልጁ አለመሆኑ ገባኝ። ምጥ ላይ ሆነሽ ከሊዲያ በቀር አጠገብሽ ሰው አለመኖሩ ነው ያናደደኝ። ያቺን ሊዲያ ደባልሽን እግዜር ይስጣት፤ እኔ እስክሰጣት ድረስ።

አባቱ የሲሪላንካ ሰው ነው ብለሻል። ሹፌር፣ ረጋ ያለ፣ ልጁ ሳይወለድ ወደ አገሩ መልሰውት ወሬው የጠፋ። የሲሪላንካ ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን እንደጠየቅኋት ሳልነግራት እጸገነትን ጠየቅኋት፤ ሻይ ቅጠል የሚበቅልበት ደሴት ነው አለችኝ። ደህና። ሻይ እወዳለሁ።

አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ ግን እሱ አይደለም፤ ገብቶኛል። የተወለደበት አገር ልጅን የሚቆጥረው በአባቱ ስለሆነ የኛ አይደለም ብሏል። የአባቱ አገር ደግሞ አባትየው ቀርቦ ልጄ ነው ካላለ አላውቀውም ይላል። እዚያ ያለው የኛ አገር ቆንስላ ቢሮ ማንነትሽን የሚያስረዳ፣ የልጁንም ነገር የሚገልጽ ወረቀት ከሰፈርሽ አምጪ ብሎሻል። ይኸውልሽ፣ አንድ ፍሬ ልጅ ሦስት አገር በር ላይ ቆሞ ሦስቱም "ማነህ?" ይሉታል። መልሱ ከጠፋባቸው እኔን ይጠይቁኝ። የኛ ነው። እናቱ የኛ ከሆነች እሱም የኛ ነው። ሕጉም እንዲህ ይላል አሉ፤ ባይልም እኔ እላለሁ።

ለእናትሽ አትንገር ብለሽኛል። ወሬ መያዝ እንደማልችል እያወቅሽ እንዲህ ያለ ሸክም ታሸክሚኛለሽ? ለጊዜው ጥርሴን አሞኛል ብዬ አፌን ይዤ ተቀምጫለሁ።

አንድ ነገር ግን ረስተሻል። ያን ሁሉ ይቅርታ ስትጽፊ የልጁን ስም አልጻፍሽም። ስሙን፣ መልኩን፣ ያ መጀመሪያ የተቀጠርሽበት ቤት ምን እንዳደረገሽና ምን ያህል ጊዜ እንዳለን ጻፊልኝ። ቀበሌ እሄዳለሁ። ቀበሌ ያለው ታዲዎስ ደንበኛዬ ነው።

አያት አስመላሽ (ሲጻፍ እንዴት ያምራል)

*

ቤይሩት፣ መጋቢት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ሳቅሁ። ልጁ ደነገጠና አለቀሰ። ስስቅ ሰምቶኝ አያውቅም መሰለኝ። ከዚያ እኔም አለቀስኩ፤ ሊዲያ መጥታ ሁለታችንንም አባበለችን።

ስሙ ዳግም ነው። ቅንድቡ ያንተ ነው፣ መሐል ላይ የሚገናኘው። ፀጉሩ ለስላሳ ነው፣ እሱ የአባቱ ነው። የተናደደ ጊዜ ከንፈሩን እንደ እማዬ ያደርጋል።

ስለ መጀመሪያው ቤት ጠይቀኸኛል። ሆዴ ሲታይ አስወጡኝ። ፓስፖርቴ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቀኝ፣ አልፏል። አሁን ሰው ቤት በቀን እያጸዳሁ ነው፤ ሊዲያ እረፍቷ ሲሆን ዳግምን ትይዝልኛለች፣ ሌላ ጊዜ አዝዬው እሄዳለሁ።

ምን ያህል ጊዜ አለን ላልከው፣ እስከ መስከረም ነው። መኖሪያ ፈቃድ የሌለን ሰዎች እስከዚያ ድረስ ሳንታሰር እንድንወጣ ፈቅደዋል። ከዚያ በኋላ ያገኙትን ያስራሉ። ለኔ ቢሮው መሄጃ ወረቀት ይሰጠኛል። ለዳግም ግን የማን ልጅ መሆኑ ካልታወቀ በስሙ የሚጽፉት ነገር የለም፤ ያለ ወረቀት ደግሞ አውሮፕላን አያሳፍረውም። እዚህ የማውቃት አንዲት ሴት እዚሁ ለሚያሳድግ ሰው ስጪውና አንቺ ራስሽን አድኚ አለችኝ። ክፋት አስባ አይደለም፤ እንዲህ ያደረጉ ሴቶችን አይታ ነው።

አባዬ፣ እኔ ትቼው አልመጣም። ከመጣሁ ይዤው እመጣለሁ፣ ካልሆነም እዚሁ ያገኙኛል። ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።

አጎቴ ኃይለገብርኤል ግን አይስማ። አደራ።

ማዕዛ

*

ካዛንቺስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማዕዛና ለቅንድቤ ወራሽ ለዳግም፣

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ከማንበብሽ በፊት ማኅተሙን እዪው። ክብ ነው፣ አልደበዘዘም፣ ደህና አድርጎ ነው የመታው። ታዲዎስን እጁን ከፍ አድርጎ እንዲመታው የነገርኩት እኔ ነኝ።

አጎትሽ ሰምቷል። አትቆጪ። እኔ አልነገርኩትም፣ አፌ ነው የነገረው። ደግሞም ያለ እሱ አይሆንም ነበር፤ ቀበሌ ምስክር ሲባል የሚያምኑት እሱን ነው። የእድሩ ዳኛ ነው፣ ከረባት ያስራል። ሲሰማ ተነስቶ በሩን ዘጋና እኔ ያላሰብኩትን መላ አመጣ። ልጅቷን ሕዝብ ፊት ለምን እናዋርዳታለን፣ በአንተ ስም ይጻፍ አለኝ። አባቱ ያልታወቀ ልጅ በእናቱ አባት ስም መጠራት በኛ ዘንድ ያለ ነው፤ ስንቱ ሹም፣ ስንቱ ቄስ በአያቱ ስም ተጠርቶ ኖሯል። ይኼ እውነት ነው። ሰፈራችን ውስጥ እንኳ ሦስት ልቆጥርልሽ እችላለሁ፤ አንደኛው የሌላ እድር ሰብሳቢ ነው።

ስለዚህ "ዳግም አስመላሽ ተወልደ" ተብሎ ከቤተሰቤ ጋር ተጻፈ። የእናት ስም ጋ ሲደርሱ አጎትሽ "ይለፍ" አለ፤ ታዲዎስም አሳለፈው። ሰው ፊት ምንም አልተነሳም። ስምሽ በማንም አፍ አልገባም። አጎትሽ ሲወጣ ከረባቱን አስተካክሎ፣ እንዲህ ነው ሥራ አለኝ።

ልንገርሽ፣ መንገድ ላይ ወረቀቱን ሰባቴ ስምንቴ እያወጣሁ አየሁት። ካንቺ ሌላ ልጅ አልወለድኩም፤ ወንድም የለሽም። ስሜ ከኔ ጋር ጎሚስታ ቤት ይቀራል ብዬ ነበር። አሁን ከአንድ ወንድ ልጅ ስም ኋላ ቆሞ ሳየው፣ ምን ልበልሽ፣ ደጋጋ ቤት ገብቼ ለማላውቀው ሰው ሻይ ጋበዝኩ።

እናትሽ እስካሁን አልሰማችም። ጥርሴ ግን አደጋ ላይ ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ የሚያምህ ከሆነ ይነቀል ብላ ቀጠሮ ይዛልኛለች።

አስመላሽ፣ የዳግም

*

ቤይሩት፣ ሰኔ 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

አባዬ፣

ወረቀቱ በደህና ደርሷል። ይዤው ቢሮ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ጨዋ ሰው ነው፤ ተቀመጪ አለኝ። የኔን ስም አነበበ፣ ማዕዛ አስመላሽ ተወልደ። የልጁን አነበበ፣ ዳግም አስመላሽ ተወልደ። ቀና ብሎ "ወንድምሽ ነው" አለኝ። ልጄ ነው አልኩት። ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። እኔ እናቱ መሆኔን የሚል ቃል የለውም። የልጁ አባት ካዛንቺስ ከሆነ ልጁ እዚህ እንዴት መጣ፣ ማን ድንበር አሳለፈው፣ እናቱስ የት ናት ሲለኝ ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ወሬ አቆሙ። የሰው ልጅ የሰረቅሁ ያህል አዩኝ። ዳግም ያን ጊዜ ጡቴን ይዞ ነበር።

የአያቱ ስም ነው፣ አገራችን እንዲህ ይደረጋል አልኩት። አውቃለሁ እህቴ፣ እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ አለኝ። አውሮፕላን ማረፊያ የሚያዩት ሰዎች ግን አያውቁም፤ እነሱ የሚያነቡት የተጻፈውን ነው። እናትነቴ በግልጽ የተጻፈበት፣ የሚያውቁኝ ሰዎች የመሰከሩበት ወረቀት አምጪ ብሎ አሰናበተኝ። መስከረም ደግሞ ቅርብ ነው።

አባዬ፣ አንድ ነገር ልበልህ፤ ከፈለግህ ተቆጣኝ። ከሰው አፍ ልትሸፍነኝ ብለህ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስትሸፍነኝ ጠፋሁ። አንተ ስምህን አገኘህ፣ አጎቴ ክብሩን አገኘ፣ እኔ በልጄ ወረቀት ላይ የለሁም። እኔ እኮ ወንድም ውለድልኝ አላልኩህም።

ማዕዛ

*

ካዛንቺስ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ልጄ ማዕዛ፣

አልተቆጣሁም። የዘገየሁት መልሱን ትቼ ሥራውን ስሠራ ነው። የሠራሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወደ እናትሽ ሄድኩ። ምስር ትለቅም ነበር። ስነግራት ቀና አላለችም፤ ስሙ ማን ነው አለችኝ። ከጥር ጀምሮ ታውቃለች ለካ። ጥርሱን የሚያመው ሰው እንቅልፉ ውስጥ "አያት ሆንኩ" እያለ አይስቅም አለች። ታዲያ ደህናውን ጥርሴን ለምን አስነቀልሽው አልኳት። "ደብቀኸኝ ነዋ" አለችና ምስሯን ቀጠለች። ቆይታ ደግሞ ተነስታ ያንን ሻርፕሽን አወጣች። በሥራ ቀን ስታደርገው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ከዚያ አጎትሽ ዘንድ። አስረዳሁት። ቢሮው ያለሽንም ነገርኩት። እሱ ግን የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ እድሩ ምን ይላል፣ ቤተ ዘመድ ምን ይላል። እናትነቷን በአደባባይ ካስጻፍክ ከምስክርነቱ ስሜን አወጣለሁ አለኝ። ሌሎቹ ምስክሮችም ያለ እሱ አይመሰክሩም። በር ላይ ሲሸኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የምታጠፋው ልጁን ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ "ሴት ያሳደገው" ሲሉት ይኖራል አለኝ። ለኔ ብሎ ነው የተናገረው፤ ያ ነው ያበሸቀኝ።

"እኔን ማን አሳደገኝ?" አልኩት።

መልሱን እሱም ያውቃል። አባቴ ተወልደ ስሙን ሰጥቶኝ የሞተው ገና በደረት ስሄድ ነው። አርሳ፣ ውኃ ቀድታ፣ የሰው ቤት ሠርታ ያሳደገችኝ እናቴ ለተብርሃን ናት። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ የነበረኝን ወረቀት ሁሉ አውጥቼ ስሟን ፈለግሁ። መታወቂያዬ ላይ የለችም፣ የንግድ ፈቃዴ ላይ የለችም፣ የትም የለችም። አንቺ "የለሁም" ስትይኝ ያየሁት እሷን ነው።

ምስክር አጥቼ ማታ ክፍል ገባሁ። እጸገነት ያንብቡ ብትለኝ ደብተሬን ሳልከፍት ቆምኩ፤ አሞዎታል ወይ አለችኝ። እንዲህ ሆኜ አላውቅማ። በቃ፣ ነገሩን እዚያው ለሴቶቹ ተናገርኩት። አልጋነሽ ደብተሯን ዘጋች። ማዕዛን አውቃታለሁ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሽንኩርት የምትገዛው ከኔ ነው፣ መርጣ ነው የምትገዛው፣ ለዚያ ያልመሰከርኩ ለምን እመሰክራለሁ አለች። ሌሎች ሁለት ቄራ የሚሠሩ ሴቶችም አብረዋት ተነሱ። በማግስቱ ጉሊታቸውን ትተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኔ ቀድመው ቀበሌ ደረሱ። እናትሽም ሻርፗን አድርጋ።

ግቢው ሰልፈኛ ሞልቶታል። ታዲዎስ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ ጋሼ እዚህ ሰው አለ፣ ውስጥ ገብተን እንጻፈው አለኝ። ደግ ልጅ ነው። እዚሁ ይጻፍ አልኩት። እናቱ ማን ትባላለች ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ከመንገድ በሚሰማው ድምፄ ተናገርኩ።

"እናቱ ማዕዛ አስመላሽ ናት፤ ልጄ ናት። ሳታገባ ወልዳዋለች። አባቱ የውጭ አገር ሰው ነው፣ የተወለደው ሰው አገር ነው። ልጁ ግን የኛ ነው።"

አንድ ጎረምሳ ከሰልፉ መሐል ሳቀ። አልጋነሽ ዞር ብላ "አንተን ያጠባህ አባትህ ነው?" አለችው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ ቦታዋን ለቃልን አለፍን።

ሴቶቹ አንድ በአንድ መሰከሩ፣ አንድ በአንድ ፈረሙ። ታዲዎስ የጣት ቀለሙን አቅርቦላቸው ነበር፤ አልጋነሽ በክርኗ ገፋችው። ፊርማዋ የገጹን ግማሽ ይዟል።

የእናት ስም በቦታው ገባ። የቀረው የአባት ስም ነበር። ባልቀረበና ልጄ ነው ባላለ ሰው ስም አንጽፍም አለ ታዲዎስ፤ ባዶም አይተውም፣ እንደ ድሮው የእርስዎ ይሁን። ድሮ ያለው ሚያዝያን ነው። ስሜ እዚያ እንዲቆይ አልፈልግም ብልሽ እዋሻለሁ። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ከዚያ "ማዕዛ ብለህ ጻፍ" አልኩት።

ጋሼ፣ እዚህ ጋ እኮ የአባት ስም ነው የሚለው አለኝ። አነበዋለሁ፣ ማንበብ እችላለሁ አልኩት። አባትም እናትም ሆና ይዛው የቆመችው እሷ ናት፤ ልጁን ጥለሽ ነይ ሲሏት አሻፈረኝ ያለችው እሷ ናት፤ ጻፍ። ብዕሩን አስቀምጦ ኃላፊዋን ሊጠይቅ ገባ። ቆየ። ሰልፈኛው ከኔ ጋር ይጠብቃል። ሲወጣ፣ የሚከለክል ነገር የለም፣ ስላልተለመደ ነው እንጂ ብላለች አለኝ።

ጻፈው። ዳግም፣ ቀጥሎ ማዕዛ። ስሜ ከዚያ ቦታ ሲወጣ፣ ክሪክ ድንገት ከሥሩ እንደተሳበበት መኪና ነው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያልኩት።

ታዲዎስ ቀና ሳይል፣ የአያት ስም አለኝ። አልሰማሁትም። ደግሞ ጠየቀኝ። እናትሽ በክርኗ ጎሸመችኝ።

አስመላሽ አልኩት። ዳግም ማዕዛ አስመላሽ። አያት አይደለሁ፣ ገባሁ በአያት ቦታ። ለካ እስከዚያ ድረስ ያንቺን ቦታ ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

ወረቀቱ አብሮ አለ። ማኅተሙ ትንሽ ደብዝዟል፤ የዚህኛው ሲመታ እያየሁ አልነበረም። ይዘሽው ሂጂ። ያ ሰውዬ ተቀመጪ ቢልሽ እንኳ ቆመሽ አንብቢለት።

አባትሽ

*

ካዛንቺስ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ማዕዛ፣

ለሁለታችሁም መሄጃ ወረቀት መጻፋቸውን ያልሽበትን ገጽ እናትሽ ከእጄ ነጥቃ ወስዳ ደረቷ ውስጥ ከታዋለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን አልመልስም ብላለች። በሚቀጥለው ዙር እጸገነት ዘንድ ተመዝግባለች። አንደኝነቴ ያሳስበኛል።

ስለዚህ የጠየቅሽኝን ከጭንቅላቴ ነው የምመልሰው። መስቀል ፍላወር የሊዲያ እህት ቤት አርፈን ወሬው እስኪበርድ ብንቆይ ወይ ብለሻል። አይሆንም። ወሬው አይበርድም፤ እኔ ራሴ አላበርደውም። ለሰፈሩ ሁሉ የምትገቢበትን ቀን ነግሬያለሁ፤ ደጋጋ በሩ ላይ ለጥፎታል፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አጎቴስ ብለሻል። አያናግረኝም። ጉዳዩን እድር ላይ አነሳለሁ ብሎ ለእናትሽ ነግሯታል። ያንሳው። ካሰናበቱኝ ስሞት ሬሳዬን አልጋነሽና ጓደኞቿ ያወጡታል፤ ሽንኩርት ተሸክመው የኖሩ ሴቶች እኔን አያቅታቸውም። ቢመጣ ግን በሩ ክፍት ነው፤ ለልጁም አጎቱ ነው፣ ሌላ የለውም።

ሰዉ ሲያየው ፀጉሩን ምን ልበል ላልሽው፣ ምንም አትበዪ። ኮፍያ አታድርጊለት፣ በነጠላም አትሸፍኚው። ፀሐይ ከሆነ ጥላ እይዛለሁ፤ ለፀሐዩ ነው እንጂ ለሰዉ አይደለም።

ቦሌ እጠብቃችኋለሁ። ታክሲው ቡልጋሪያ ያወርደናል፤ ከዚያ ወዲያ በእግራችን ነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ፣ እሱ ትከሻዬ ላይ። በአጎትሽ ደጅ ነው የምናልፈው። እዚያ ስንደርስ ቆም ብዬ በሙሉ ስሙ እጠራዋለሁ፤ ስሙን፣ ስምሽን፣ ስሜን። መስኮቱን የዘጋ ካለ እስኪከፍት ድረስ እጠራዋለሁ።

አስመላሽ